እማማን ለማስቀረት ሃያ ቄብ

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ቤት

ጭድ ሁለት ጆንያ ተገኘ። የሽቦ ወንፊት ገና። ሚስማር አለ፤ ከባሌ ከይበልጣል ሣጥን ከነወረቀቱ አወጣሁት። መጠጫው ከቢጫ ጄሪካን ተቀዶ ይሠራል ብላኛለች የእንስሳት ባለሙያዋ። መመገቢያውም እንደዚያው። ዶሮዎቹን ፈንግል በሽታ እንዳይፈጃቸው ክትባታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ይኼን ዝርዝር መጀመሪያ የጻፍኩት በመ/ቤት ወረቀት ጀርባ ነው፤ ኃላፊው ሲገባ ገለበጥኩት።

ሳቂ፣ አንቺ ደብተር። ዶሮ ላረባ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ነፍስ ያላት ዶሮ በእጄ ይዤ አላውቅም። ክንፏን ስታራግብ እጮሃለሁ። ወረዳው የአርባ አምስት ቀን ቄብ ሊያከፋፍል ነው ሲባል ግን መጀመሪያ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ አስመዘገብኩ።

ለእንቁላል እንዳይመስልሽ። እማማ እንዳይሄዱብኝ ነው።

እማማ የይበልጣል እናት ናቸው። ባሌ ሲያርፍ ከስማዳ ለለቅሶ መጡ። አብረን ሐዘን ተቀመጥን፣ አርባውን አወጣን፣ በዚያው ቀሩ። ነሐሴ ላይ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁር ልብሴን ራሳቸው አስወለቁኝ። ከዚያ ወዲህ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ያለችው ሴት ልጃቸው በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ሐዘኑ አልቋል፣ አሁን ወደ እኔ ይምጡ ትላለች። እውነቷን ነው። እኔንና እማማን ያገናኘን ሰው የለም። ልጅ አልወለድን። እዚህ የሚይዛቸው ምን አለ? ስለዚህ ሥራ ፈጠርኩላቸው። የሚጠብቁት፣ የሚቆጡት፣ ከጭልፊት የሚያስጥሉት ነገር ካላቸው ጥለውኝ አይሄዱም ብዬ።

ይኼን ያወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 12፡30

እማማ ተናደዋል። ደስ ብሎኛል።

የተናደዱት ዶሮ የራሷ ቤት ያስፈልጋታል ስላልኳቸው ነው። ባለሙያዋ ለብቻ፣ አየር የሚገባው፣ ወለሉ ጭድ የተነሰነሰበት ቤት ብላለች። እማማ ደግሞ ዶሮ ከቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ነው የምታድረው ይላሉ። ስማዳ እናታቸውም እንደዚያ፣ አያታቸውም እንደዚያ።

«ከሰው ተለይታ ካደረች ሸለምጥማጥ አንድ አያስቀርልሽም። ደሞ ምን ቤት ትሠሪላታለሽ ብርቅነሽ፣ ሙሽራ ናት?»

ሙሽራ ናት ሲሉ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሊስቁ ፈልገው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከስንት ወር በኋላ። በመጨረሻ ተስማማን፤ የዶሮው ቤት ከእማማ መኝታ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሠራል። አውሬ ሲመጣ እንዲሰሙ። ቆጡ ግን እሳቸው ባሉት ቁመት፣ እሳቸው በመረጡት እንጨት። ባለሙያዋ የባሕር ዛፍ ብላለች፤ እማማ ወይራ ካልሆነ አሉ። ወይራ ከየት ይምጣ? ይምጣ።

ብርቅነሽ የመዝገብ ስሜ አይደለም። በሠርጌ ማግስት እማማ ያወጡልኝ ስም ነው። መ/ቤት ማንም አያውቀውም። በዚህ ስም የሚጠሩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አሁን አንድ ቀሩ። ትናንት ቁጭ ብዬ ይኼን ቆጠርኩ።

ጥቅምት 21፣ ዐርብ። ከምሽቱ 12፡00

አቶ ጌጡ ሥራ ጀመረ። አናጢ ነው፣ ከእኛ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ፤ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ድሯል። ቃል ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። ምሰሶ ይተክላል፣ ያያል፣ ይነቅላል፣ እንደገና ይተክላል።

እማማ አጠገቡ በርጩማ አስቀምጠው ዋሉ። ዕድሜው ስንት ነው፣ ንስሐ አባቱ ማን ናቸው፣ ልጆቹ ይጠይቁታል ወይ፣ መጠጥ ይቀምሳል ወይ። የቅጥር ፎርም የሚያስሞሉት ነው የሚመስለው። ምስኪን፣ ለሁሉም ይመልሳል። ምሳ ሽሮ አቀረቡለት፤ ሁለቴ ጨመሩለት።

እንዲህ ሲያወሩ ካየኋቸው ቆየሁ። ዶሮዎቹ ሳይመጡ ሥራቸውን ጀመሩ ማለት ነው። ተሳካልኝ ደብተር፣ ተሳካልኝ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ። መድኃኔ ዓለም። ከሰዓት

አልተሳካልኝም።

ከቤተ ክርስቲያን ቀድሜ ተመለስኩ። እማማ ጓሮ ስልክ ይዘዋል። ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፤ መስማት አልፈለግኩም፣ ሰማሁ። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ የልጃቸው ባል መጥቶ ሊወስዳቸው ተስማምተዋል። መንገዱ ክፍት ከሆነ። እሺ፣ እሺ፣ ተዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ ይላሉ።

ለእኔ ምንም አላሉኝም። ገብተው ነጠላቸውን አጠቡ። የወይራውን ቆጥ ልጣጭ እየላጡ፣ ቅርንጫፉ እግራቸውን እንዳይወጋቸው አሉ። የዶሮዎቹን ማለታቸው ነው። እኔም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ? ሰምቼዎታለሁ ብዬ?

አንድ ክፉ ነገር ልንገርሽ። መንገዱ ይዘጋ ብዬ ተመኘሁ። መድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ስንት ሰው በመንገድ መዘጋት ሐኪም ሳያይ በሚሞትበት አገር። ያውም እኔ፣ ይበልጣልን ደብረ ታቦር ለማድረስ መኪና ስለምን ያደርኩት ሴት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ተመኘሁ ግን።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት፣ መዝ/ቤት

የዓመቱ ሞኝ ተገኘች። እኔ ነኝ።

ባለሙያዋ ፋይል ልትፈልግ መጣች። መቼ ይሆን መጣል የሚጀምሩት አልኳት። ከተረከብሽ ሦስት ወር ተኩል አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ገለጥኩ። ኅዳር አጋማሽ፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት መባቻ። መጋቢት! ሁዳዴ መካከል! ሃያ ዶሮ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከተማችን ንፋስ መውጫ በሙሉ በሚጾምበት ሰዓት። እኔ አልበላው፣ እማማ አይበሉት፣ ጎረቤት አይቀበለኝ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ለፋሲካ ታስቀምጪዋለሽ አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ! አብሬ ሳቅሁ።

እየሳቅሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁ ቆመ። እማማ ጾም አይሳሳቱም። የዓመቱን ጾምና በዓል በቃላቸው ያውቁታል፤ ቄሱ ሳይናገሩ ነነዌ መቼ እንደሚገባ ይነግሩኛል። የቆጡን ቁመት፣ የበሩን አቅጣጫ፣ የጭዱን ዓይነት ያረሙኝ ሰው ይኼን እንዴት ዝም አሉ?

ከምሽቱ 12፡30

ጠየቅኳቸው። ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። ቀና አላሉም። ያኔ እኔ እስቴ ነኝ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ ብዬ ነው አሉ። ያለ ክፋት፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ።

እንግዲህ ነገሩኝ። በሁዳዴ በኩል መጣ።

አስቢው ደብተር። የቆጡን እንጨት ሲመርጡ፣ ከመኝታዬ ጋር ይጣበቅ ሲሉ፣ አንድም ቀን ራሳቸውን እዚያ ቤት ውስጥ አላዩም። እኔ ለእሳቸው ስሠራ እሳቸው ለእኔ ይሠሩ ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የዶሮው ቤት አለቀ። ኖራ ተቀባ። ማንም ሳያየኝ ጎንበስ ብዬ ገባሁና ጭዱ ላይ ተቀመጥኩ። ንጹሕ ነው። ሙቅ ነው። ከመዝ/ቤት ይሻላል። ግድግዳውን አልፎ የእማማ ጸሎት ይሰማል፤ ውዳሴ ማርያም እያነበነቡ ነበር። እስኪጨርሱ ተቀመጥኩ። ስወጣ ቀሚሴ ሁሉ ጭድ።

ኅዳር 12፣ ዐርብ። ሚካኤል

ከተማው ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፤ ዓይን አያስገልጥም። እኛም የአናጢውን ፍቅፋቂ አቃጠልን።

ሁለት ወሬ በአንድ ቀን። አንድ፦ ቄቦቹ ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ይገባሉ፤ ያልተገኘ ሰው ተራው ለሌላ ያልፋል። ሁለት፦ የእማማ ልጅ ባል ረቡዕ ይመጣል፤ ሐሙስ ጠዋት ይዟቸው ይሄዳል። መንገዱ ክፍት ነው። ምኞቴ አልሰመረም፣ ደግ ተደረገ።

እማማ ከመሄዴ በፊት ቅበላን አብረን እናድርግ አሉ። ዶሮ ወጥ ሥሪ።

ማን ሊያርድልን አልኳቸው። ይበልጣል ካረፈ ወዲህ ዶሮ ቤታችን አልታረደም። ሴት አታርድም፤ ደጃፍ ላይ ቆሜ መንገደኛ ወንድ እረድልኝ ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። ሞክሬ ነበር፣ አምና ገና ላይ። ሁለት ሰው አለፈ፣ ድምፄ አልወጣም። ዶሮዋን ለጎረቤት ሰጥቼ ምስር ወጥ ሠራሁ። ፋሲካን በሥጋ ቤት ሥጋ ተወጣነው።

እማማ አስበውበታል። ጌጡ ያርድልናል አሉ።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ቅበላ። ከሰዓት 10፡00

እጄ ሽንኩርት ይሸታል። ቶሎ ልጻፈው።

አቶ ጌጡ ከቅዳሴ መልስ መጣ። የታጠበ ጋቢ። በስመ አብ ብሎ አረደ፣ እጁን ታጠበ፣ ሊሄድ ሲል እማማ ጋቢውን ይዘው አስቀመጡት። ላረደ ሰው ማብላት ወግ ነው፤ ምንም አልመሰለኝም። ብልቱን በሥርዓቱ አወጣሁ፣ አሥራ ሁለት። ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ሳቁላላ ነበርና ወጡ ይበልጣል እንደሚወደው ሆኖ ወጣ። በልቤ ኮራሁ።

ማውጣቱን እማማ እኔ ላውጣ አሉ። ጭልፋውን ሰጠኋቸው። ድስቱ ውስጥ ፈለጉ፣ ፈለጉ። አወጡና አቶ ጌጡ ፊት አስቀመጡ።

ፈረሰኛውን።

ፈረሰኛ የአባወራ ነው፤ እንግዳ ቢመጣ እንግዳ ሌላ ብልት ይበላል። ስምንት ዓመት ለይበልጣል ያወጣሁት እሱን ነው። እማማ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ለባል እንዴት እንደሚወጣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸው አልተሳሳተም። ዓይኔን አላዩኝም።

አቶ ጌጡም ገባው። አንገቱን ደፋ። ፈረሰኛውን ሳይነካ ከመረቁ ብቻ አጥቅሶ ሁለት ጉርሻ በላ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። እኔ ምድጃ ቤት ገብቼ ድስት ማጠብ ጀመርኩ፤ ወጡ እኮ ውስጡ ነበር። ግማሹን ደፋሁት።

አሁን ሁሉም ገባኝ። በርጩማው፣ ጥያቄው፣ ሁለቴ የተጨመረው ሽሮ። እኔ እሳቸውን በዶሮ ላስቀር ስደክም፣ እሳቸው በእግራቸው ሰው ሊተኩ ይደክሙ ነበር።

ኅዳር 15፣ ሰኞ። ጾመ ነቢያት ገባ። ከምሽቱ 12፡00

ተጣላን። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጣልተን አናውቅም።

ከሥራ እንደገባሁ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጀመርኩ። ፈረሰኛው ምን ማለት ነው አልኳቸው። አልካዱም።

«እኔ ከምድጃሽ ሥር ተጎልቼ ማን ደፍሮ ይጠይቅሻል? የአማት ፊት እያየ የሚገባ ወንድ የለም። ገና ልጅ ነሽ፤ ትወልጃለሽ። ልጄን ቀብሬያለሁ ብርቅነሽ። አንቺን ደሞ በቁምሽ አልቀብርሽም።»

ለእኔ ብለው ነው የሚሄዱት። ልጃቸው ስለጠራቻቸው አይደለም፣ ሐዘኑ ስላለቀ አይደለም።

ምን ማለት ነበረብኝ? ታውቂዋለሽ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ላንቺ ጽፌልሻለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን ምን አልኩ? ጊደር ነኝ ወይ፣ ለጎረቤት የምነዳ አልኳቸው። ድምፄ ጎልቶ ነበር፤ በአማት ላይ! ቀጥዬ ደግሞ፣ ስሚኝ ደብተር፣ ዶሮዎቹንስ ማን ይጠብቃል አልኩ። ዶሮዎቹን!

ጌጡ አለልሽ አሉ። ተነሥተው ለጸሎት ፊታቸውን አዞሩ።

እንዲህ ያለ ምላስ ተቆርጦ ለድመት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ጠዋት

አቶ ጌጡ የበሩን መቀርቀሪያ ሊገጥም መጣ። ገጠመ። መሣሪያውን ሲሰበስብ ተናገረ፤ ከመጣ ጀምሮ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው። እናትየው አናግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን ሳልጠራ የሰው ቤት የምገባ ሰው አይደለሁም፣ ቅር እንዳይልሽ አለ። የእጁን ሂሳብ ስሰጠው ቆጥሮ እንኳ አላየውም።

ክፉ ሰው አይደለም። ምናልባት አንድ ቀን አገባ ይሆናል፣ እሱን ወይ ሌላ፣ ወይ ማንንም። አላውቅም። ዛሬ ጉዳዬ እሱ አይደለም። ጠዋት ስነሣ ከግድግዳው ማዶ የእማማን ሳል መስማት ነው የምፈልገው። ምን ያስቃል? ሳል ነው የምፈልገው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 2፡30። የወረዳው ግቢ፣ ሰልፍ ላይ

ሄዱ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የልጃቸው ባል ጨዋ ሰው ነው፤ እቃውን ጫነ፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጣቸው፣ ውኃ ሊገዛ ወርዶ ብቻችንን ተወን። አሁን በይ አልኩ ለራሴ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ይዘዋል ወይ አልኳቸው። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ያስደውሉልኝ አልኳቸው። ነጠላዎን ይልበሱ፣ ንፋስ አለ አልኳቸው። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ። እማማ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ጭንቅላቴን ያዙ፣ ግንባሬን ሳሙኝና ወልደሽ ሳሚ ብለው መረቁኝ። ይበልጣልን የወለደች ሴት ናት እንዲህ ያለችኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። መኪናው ሲዞር ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር፤ ንፋሱ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ከዚያ እግሬ ወደዚህ አመጣኝ። የቄቦቹ ካርቶን ከመኪና እየወረደ ነው። ጫጫታቸው! ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው አለ። ከኋላዬ ከገጠር የመጣች ሴት ናት፣ ልጅ አዝላ፤ ተራ አልደረሳትም፣ ተመላሽ ካለ ብላ ነው የቆመችው። ስምንት ሰው ቀረ። አምስት። ባለሙያዋ ከሩቅ ሳቀችልኝ፤ የሁዳዴዋ እያለች ነው መሰለኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 9፡00። ቤት

ስሜ ተጠራ፤ የመዝገቡ ስም። ካርቶኑ ተከፈተ። ሃያ ቀይ ቄብ፣ አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። ፈርሚ ተባልኩ። እስክሪብቶውን ያዝኩና፣ እኔ እነዚህን ለምን ፈልጌያቸው ነበር አልኩ። ተራዬን ከኋላዬ ላለችው ሴት እንዲያዞሩት ጠየቅኩ። ባለሙያዋ አሞሻል ወይ አለችኝ። ሴትየዋ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸሸሁ። ለጽድቅ አላደረግኩትም። ሃያ ነፍስ ሰበብ አድርጌ ማሳደግ ስላልፈለግኩ ነው።

ቤቱ ዝም ብሏል። ሁለቱም ቤት። ወደ እስቴ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ቢኖርም ደህና ገባችሁ ወይ ብዬ እዘጋው ነበር፤ ራሴን አውቃታለሁ።

ወሰንኩ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ደብረ ታቦር፣ ከዚያ እስቴ። አማት ያሉበት ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ያውም በዚህ አገር፣ ያውም ሰው ፊት። ስኳር ይዤ ብሄድ ግን ስኳሩን አስረክቤ፣ ጤናቸውን ጠይቄ፣ ተመርቄ እመለሳለሁ። ቡና ብይዝም ያው ነው። ስለዚህ ምንም አልይዝም። ሻንጣም፣ ፌስታልም። ባዶ እጄን ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ሲያዩኝ እማማ ይደነግጣሉ፤ ምን ሆነሽ ነው የመጣሽ ይሉኛል። ያኔ የማቀብላቸው ነገር ስለሌለኝ፣ ከእኔ ጋር ይኑሩልኝ እላቸዋለሁ።